ገጠር ወጥቶ ሕክምና መማር ጊዜ ማባከን ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የሕክምና ትምህርቴን ልጨርስ ተቃርቤያለሁ። ትምህርት ቤታችን ቲቲፒ ለሚባለው የቡድን ሥልጠና ወደ አንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ሊልከን ነው። ሁለት ወር ገደማ እንቆያለን። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ገጠር ኖሬ አላውቅም። ጓደኞቼ ‹ሲቲ ስካን የለ፣ ስፔሻሊስት የለ፣ ምን ልንማር ነው? የሙያ ፈቃድ ፈተናውም ደርሶብናል፤ ዎርድ ብንቆይ ይሻለን ነበር› ይላሉ። እውነት ጊዜ ማባከን ነው? ካልሆነስ እንዴት ልዘጋጅ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙው ተማሪ ይህን እርስ በርሱ ያጉረመርማል እንጂ ለአስተማሪ አያነሣውም።

ጊዜ ማባከን አይደለም። ዎርድ ውስጥ ጨርሶ የማታገኚው ትምህርት እዚያ አለ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የሚያስተምራችሁ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ጓደኞችሽ የፈሩት ይደርሳል። ሁለቱንም ላስረዳሽ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ተማሪ ይዤ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

መጀመሪያ ዎርድ ላይ የተማርሽባቸው ታማሚዎች እነማን እንደሆኑ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬር ኋይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው ያስቀመጡት ስሌት እንዲህ ነው። ከ1,000 አዋቂ ሰዎች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 750ዎቹ የሆነ ሕመም ወይም ጉዳት ያጋጥማቸዋል። ሐኪም ጋ የሚሄዱት 250 ናቸው። ሆስፒታል የሚተኙት 9 ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንቺ እስካሁን የተማርሽው በዚያ አንድ ሰው ላይ ነው። እሱም ቢሆን በጤና ጣቢያና በወረዳ ሆስፒታል አልፎ፣ የሌላ ሐኪም ግምት ሪፈር ወረቀቱ ላይ ተጽፎለት ነው የመጣው። ሰውዬው ገና ቤቱ ሳለ፣ ገና ምንነቱ ሳይታወቅ፣ በሽታው ምን ይመስል እንደነበር አላየሽም። ገጠር ስትወርጂ የምታገኚው የቀሩትን ነው።

ትኩሳትን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ወጣት «ያተኩሰኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል» ብሎ ይመጣል። ወባ ሊሆን ይችላል። ተስቦ፣ ታይፎይድ፣ የሳንባ ምች ወይም ግርሻ ሊሆንም ይችላል። ያለሽ ማይክሮስኮፕ፣ ፈጣን የወባ ምርመራና ሁለት እጅሽ ነው። ግርሻን ብዙ ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሰውነት ቅማል ይተላለፋል። ተጨናንቀው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችና የቆሎ ተማሪዎች ላይ ይበረታል። ባክቴሪያውን እዚያው በደም ስላይድ ላይ ማየት ይቻላል። ፔኒሲሊን ወግተሽ ወዲያው ወደ ቤቱ ከሸኘሽው ግን አደጋ አለው። በሰዓታት ውስጥ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አስተኝተሽ በየጊዜው እየለካሽ ታድሪያለሽ። ልብሱ እንዲቀቀል ታደርጊያለሽ። አብረውት የሚያድሩትንም ልጆች ታስጠሪያለሽ። ይህን አንድ ሌሊት ያደረገ ተማሪ ፈተና ላይ «ከሕክምናው በኋላ ታማሚው ቢንቀጠቀጥ ምን ታደርጋለህ?» ቢባል ማስታወስ አያስፈልገውም።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው በትኩሳት ይሞት ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገመተ። ታማሚዎቹ ትኩሳታቸው ለሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነታቸው ይመነምናል፣ ጣፊያቸው ያብጣል። የወባ መድኃኒት ግን አያሽላቸውም። በኋላ ሲጣራ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ስለነበር በዚያ ደጋ ማንም አልጠረጠረውም። ከዚያ አካባቢ ብዙ ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ዋነኛው ግምትም በሽታው በእነሱ በኩል ወጣ የሚል ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ያንን በሽታ ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ጥያቄ «ባለፈው ክረምትና መኸር ለሥራ የት ሄደህ ነበር?» የሚል ነው። ሲቲ ስካን አይደለም። ጥያቄው እንዲመጣልሽ ደግሞ የአካባቢው ሰው በምን እንደሚተዳደር ማወቅ አለብሽ። መቼ ያርሳል፣ መቼ ያጭዳል፣ መቼ ከብት ያወርዳል፣ ለቀን ሥራ ወዴት ይሄዳል? ይህን የሚያውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የቀበሌው ሽማግሌ ነው። እነሱን ቁጭ ብሎ መጠየቅ የሕክምና ሥራ ነው።

ወሊድም እንደዚሁ ነው። በጤናው ዓለም ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል አስተሳሰብ አለ። እናት የምትሞተው ሆስፒታል ለመሄድ መወሰኑ ሲዘገይ፣ መንገዱ ሲዘገይ፣ ከደረሰች በኋላም ሕክምናው ሲዘገይ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የምታዪው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ማሕፀኗ ተቀድዶ የደረሰችን ሴት ስታዪ «ለምን እስካሁን ቆየች?» ብለሽ ትቆጫለሽ። መልሱን ግን ዎርድ ውስጥ አታገኚውም። ባል ገበያ ሄዶ ይሆናል። አማት «የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ይቆያል» ብለው ይሆናል። ወንዙ ሞልቶ ይሆናል። ቃሬዛ የሚሸከም ጎልማሳ በአጨዳ ሰሞን ጠፍቶ ይሆናል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ሥራ አዛቸዋለሁ። ከጤና ጣቢያው በጣም ወደራቀው ጎጥ በእግራቸው ሄደው እንዲመለሱ። ሰዓት እየያዙ፣ ወንዙን እያዩ፣ ስልክ የት ድረስ እንደሚሠራ እየመዘገቡ። ከዚያ በኋላ «ቶሎ ነይ» ብለው ነፍሰ ጡርን ሲመክሩ ምን እያሏት እንደሆነ ያውቃሉ።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጉዛለች። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በጤና ተቋም የተደረገ ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5 ገደማ ነበር። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደርሷል። ይህን ያመጣው በአብዛኛው ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ላይ የተሠራ ሥራ ነው። የእናቶች ማቆያንም ሄደሽ እዪው። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምታርፍበት ቤት ነው። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እዚያ ያረፉ እናቶች ካላረፉት ጋር ሲነጻጸሩ ሞታቸው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ማቆያው ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቂ። ማገዶ የለም? ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝ ጠፋ? ገንፎ የሚያገነፋ የለም? ለቡድናችሁ ከዚህ የተሻለ የጥናት ርዕስ አላውቅም።

አንድ በሽታ ደግሞ አለ፣ ተማሪ ሁሉ ሳያየው እንዳይመረቅ የምመኘው። በልማድ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ነው። ዝሆኔ ሁሉ በትንኝ የሚመጣ ይመስላቸዋል ተማሪዎች። በእኛ ደጋ ግን ብዙው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ እየዞረ ይህን ከአፈሩ ጋር አያይዞ አጠና። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንዳለበት ይገመታል። ይህን ያህል ሰው ታሞ ዎርድ ላይ አንድም ሳታዪ ልትመረቂ ትችያለሽ፤ ምክንያቱም አይመጡም። ሰው ይሸሻቸዋል። «በዘር ነው» ተብሎ ልጃቸውን የሚያገባ ይጠፋል። ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ለቅሶም መሄድ ይተዋሉ።

ሕክምናው ደግሞ እንዴት ቀላል ነው! በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። እግራቸውን በእጅሽ ይዘሽ ስታጥቢ የሚታየኝን ነገር አንቺም ታዪዋለሽ። ለዓመታት ማንም ያልነካው እግር ነው። በዚያች ሰዓት ስለ በሽታው የሚነግሩሽ ነገር በየትኛውም የታማሚ ታሪክ ቅጽ ላይ አይገኝም።

አሁን ስለ አገባቡ ልንገርሽ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ስላልሽ። ቤት ለቤት ስትሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትምራ፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ። እሷን ሰው ፊት አታርሚያት። የተሳሳተ ነገር ብትናገር እንኳ መንገድ ላይ ብቻችሁን ስትሆኑ አንሺው። እናንተ ሁለት ወር ቆይታችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሷ ግን እዚያው ቀርታ ነገም ያንኑ በር ታንኳኳለች። ቤት ስትገቢ መጠይቅሽን ወዲያው አታውጪ። ተቀመጪ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አዝመራው ጠይቂ። ሕመምን የሚመለከት ነገር ለብቻ መጠየቅ ካለበት ሌላው ሰው እንዲወጣ በጨዋነት አድርጊ። ፎቶ አታንሺ። የሌለ መድኃኒት «አመጣላችኋለሁ» አትበይ። ቋንቋውን የማትችይ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብ ቀድመሽ ጠይቂ፤ የቤቱን ልጅ ስለ እናቱ የማሕፀን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ነውር ነው።

ጸበል ላይ አትጣዪ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እናት «ጸበል ጀምረናል» ስትልሽ ፊትሽ ከተቀየረ ሁለተኛ አትነግርሽም። ያንጊዜ ልጁ መድኃኒቱን ማቋረጡን ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። «ጸበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም አይቋረጥ» በይ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለብዙ ሐኪም ሥራውን አቅልሎለታል። አንቺም ከአካባቢው ቄስ ወይም ሼክ ጋር ተዋወቂ። ስለ ጾምና ስለ ስኳር መድኃኒት፣ ስለ እንጥል ማስቆረጥ፣ ስለ ግግ ማውጣት ካንቺ ይልቅ የሚሰሙት እነሱን ነው።

ቲቲፒ ላይ አብረውሽ የሚወርዱት የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የሚድዋይፍና የላብራቶሪ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ዝግጅት እንዲሁ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1954 ደግሞ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ በቡድን ጤና ጣቢያ ላካቸው። አንድ ሐኪም ብቻውን ወባን እንደማይመልስ ስለገባቸው ነው። ጅማም እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲመሠረት ትምህርቱን ማኅበረሰብ ላይ ተከለው። አንቺ የምትሄጅበት ሥልጠና የዚህ ውርስ ነው። ስለዚህ «የሜዲሲን ተማሪ ስለሆንኩ አለቃ ነኝ» ብለሽ አትሂጂ። ጥሩ ሚድዋይፍ ካንቺ የተሻለ ታዋልዳለች። ከእሷ ተማሪ።

አሁን ወደ ቅድመ ሁኔታው ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተማሪ ገጠር ጥሎ መመለስን ሥልጠና ብሎ የሚጠራ አሠራር አለ። አንድ አስተማሪ በመጀመሪያው ቀን ከአውቶቡስ ያወርዳቸዋል፣ በመጨረሻው ቀን ውጤት ሊሞላ ይመጣል። በመካከሉ ተማሪዎቹ የጎደለ የሰው ኃይል መሙያ ይሆናሉ። የማያውቁትን ብቻቸውን ያደርጋሉ። ይህ ለተማሪውም ለታማሚውም በደል ነው። የገጠር ሰው የተማሪ መለማመጃ አይደለም። ከተማ ውስጥ ሲኒየር ሐኪም አጠገብሽ ሳይኖር የማይፈቀድልሽን ነገር ጤና ጣቢያ ላይ ብቻሽን ማድረግ የለብሽም።

ገጠር መማር በደንብ የሠራባቸው ቦታዎች ሁሉ አስተማሪ ነበራቸው። የአውስትራሊያው ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቂት የሕክምና ተማሪዎቹን ሪቨርላንድ በሚባል የገጠር አካባቢ ለአንድ ሙሉ ዓመት አስቀመጠ። የትንንሽ ከተሞች ሐኪሞች አጠገባቸው ሆነው ያስተምሯቸው ነበር። በ2004 የወጣው ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ተማሪዎች በፈተና ትልቁ የከተማ ሆስፒታል ከቀሩት ጓደኞቻቸው የተሻለ መሻሻል አሳይተዋል። ምክንያቱ አይገርምም። ያንኑ ታማሚ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያዩታል፣ አስተማሪያቸውም በስም ያውቃቸዋል። ስለ ፈተናው ለሚጨነቁት ጓደኞችሽ ይህን ንገሪያቸው። ደግሞም የፈቃድ ፈተናው በአብዛኛው የሚጠይቀው እዚያው የምታዪውን ነው፤ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ የምግብ እጥረት፣ ቲቢ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፣ የሕፃናት ክትባት። ማታ ማታ ያንን ቀን ስላየሻቸው ሰዎች አንብቢ። የቀረውን ርዕስ ስትመለሺ ትደርሺበታለሽ።

ሻንጣሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። መብራት ስለሚጠፋ የእጅ ባትሪና ፓወር ባንክ፣ የሚያዘልቅ ጫማ፣ አጎበር፣ የራስሽ የደም ግፊት መለኪያ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚከፈቱ መጻሕፍት ስልክሽ ላይ። ማታ ብቻሽን አትንቀሳቀሺ፤ ሴት ተማሪዎች የሚያድሩበት ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ከመውረዳችሁ በፊት አረጋግጡ። የጸጥታውም ነገር አለ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ትምህርት ቤቱ ቦታ የመቀየር ግዴታ አለበት፤ ይህን መጠየቅ ፈሪነት አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት አስተባባሪውን ሦስት ነገር ጠይቁ። ሱፐርቫይዘራችን ማነው፣ በሳምንት ስንት ቀን አብሮን ይሆናል? ሌሊት ከአቅማችን በላይ የሆነ ታማሚ ቢመጣ ለማን እንደውላለን፣ አምቡላንሱስ የት ነው? ባለፈው ዓመት የወረደው ቡድን ያጠናው ጥናት የት አለ? የመጨረሻውን አትርሺ። በአንዳንድ ቀበሌ በየዓመቱ ስለ ሽንት ቤት የሚጠይቅ ተማሪ ይመጣል፣ ውጤቱን የሚነግራቸው ግን የለም። ሰዉ ቢሰለች አይፈረድበትም። እናንተ ያለፈውን አንብባችሁ ከዚያ ቀጥሉ። ስትጨርሱም ውጤቱን ለቀበሌው ስብሰባ በሚገባው ቋንቋ አቅርቡ፣ አንድ ቅጂ ጤና ጣቢያው ዘንድ ይቅር።

የተመደበው ሱፐርቫይዘር በመጀመሪያው ሳምንት ካልመጣ ዝም አትበሉ። በቡድን ፈርማችሁ ለአስተባባሪው በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀኑንም ጻፉበት። እስኪመጣ ድረስ ከጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ስለ ትናንት ታማሚዎች እንዲያወያያችሁ ለምኑት። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ እምቢ አይሉም።